የ350ዜድ ጭስ ማውጫና ካታሊቲክ ቅያሬ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፦ ምርመራ

መኪናዋ የ2004 ሞዴል ኒሳን 350ዜድ ስትሆን፣ ሞተሯ 3,498 ሲሲ የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቪኪው35ዲኢ ነው። የጭስ መንገዷ ውስብስብ አይደለም። ከእያንዳንዱ የሲሊንደር ረድፍ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ) ቀጥሎ አንድ ካታሊቲክ፣ ማለትም በጭሱ ውስጥ ያሉትን ጎጂ ጋዞች የሚያጠራ ክፍል፣ አለ፤ የቀኙና የግራው መስመር ከወለሉ ሥር በዋይ ቅርጽ ቱቦ ይገናኙና በአንድ ቱቦ ወደ ኋላው ማርሚታ (የድምፅ ማፈኛ) ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ረድፍ ከካታሊቲኩ በፊት አንድ፣ ከካታሊቲኩ በኋላም አንድ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ስላለው ሴንሰሮቹ በጠቅላላው አራት ናቸው።

ሥራውን ያስጀመረኝ የጉልበት ፍላጎት ብቻ አልነበረም። ሞተሩ በደቂቃ ከ5,000 ዙር በላይ ሲዞር መኪናዋ አፍንጫዋን እንደያዟት ያህል ትታፈናለች፤ ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ ደግሞ በግራ በኩል ከሥር፣ በጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲንኳኳ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ስካነሩ ያወጣው ኮድ ፒ0430 ነው፤ ይህም የግራው ረድፍ ካታሊቲክ ብቃት ከሚጠበቀው በታች መውረዱን የሚያመለክት ነው። ይሁን እንጂ በኮድ ብቻ ተመርቶ ይህን ያህል ውድ ዕቃ መግዛት ስለከበደኝ፣ መጀመሪያ በካታሊቲኮቹ ፊት ያለውን ግፊት ለመለካት ወሰንኩ።

የፊተኛውን ሴንሰር ፈትቼ በቀዳዳው ላይ የግፊት መለኪያ አሰርኩ። የመጀመሪያው ሙከራዬ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ መለኪያውን ያገናኘሁት በጎማ ቱቦ ስለነበር ጎማው ለሰለሰና ራሱ መጨስ ጀመረ። በማግስቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የመዳብ ቱቦ ጠምዝዤ በመካከል ሳስገባ መለኪያው ከሙቀቱ ራቀ። በ2,500 ዙር የቀኙ ረድፍ 5 ኪሎ ፓስካል ሲያሳይ የግራው 24 አሳየ። በመካኒኮች ዘንድ የተለመደው መመዘኛ በዚህ ዙር ከ20 ኪሎ ፓስካል በላይ የሆነ ግፊት የመታፈን ምልክት ነው የሚል ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ያሳመነኝ ግን በአንድ ሞተር ላይ ያሉት ሁለቱ ረድፎች ይህን ያህል መራራቃቸው ነው።

ካታሊቲክ እንዲሁ አይሞትም፤ የሚገድለው አለ። የስካነሩን የቆየ መዝገብ ወደ ኋላ ስመለከት ፒ0304፣ ማለትም የ4ኛው ሲሊንደር ቃጠሎ መሳት፣ ከወራት በፊት ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ የሞተር ምልክቱ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አይቼ «ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን ቦቢና በሚቀጥለው ወር እቀይራለሁ» ብዬ መንዳቴን ቀጥዬ ነበር። በሲሊንደሩ ውስጥ ያልተቃጠለው ነዳጅ ከአየሩ ጋር ወጥቶ በካታሊቲኩ ውስጥ ይቃጠላል። ሙቀቱ ወደ 1,000 ዲግሪ ሲጠጋ የከበረ ብረት የተቀባበት ሽፋን ብቃቱን በፍጥነት ያጣል፤ ከዚያም ካለፈ ሴራሚኩ ራሱ መቅለጥ ይጀምራል። 4ኛው ሲሊንደር የሚገኘው በግራው ረድፍ ስለሆነ ታሪኩ ገጠመ። ስለዚህ የጭስ ማውጫውን ከመንካቴ በፊት ስድስቱንም ቦቢናዎችና ካንዴላዎች ቀየርኩ፤ የካንዴላዎቹንም ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን አንድ በአንድ ለካሁ። ይህ ሳይደረግ አዲስ ካታሊቲክ ማስገባት አዲሱንም ለማቅለጥ መዘጋጀት ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ መኪናዋን በጎማ ላይ የሚደርሰውን ጉልበት የሚለካው ዳይኖ ላይ አወጣኋት፤ ከሦስት ሙከራዎች የተሻለው 207 የፈረስ ጉልበት ነበር።

2ኛ ሳምንት፦ የዕቃ ምርጫ

ከፋብሪካ የሚመጡ የሴራሚክ ካታሊቲኮች ብዙውን ጊዜ በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ 400 ወይም ከዚያ በላይ ጠባብ ቀዳዳዎች አሏቸው። ለፈጣን መኪኖች ተብለው የሚሸጡት ደግሞ አብዛኞቹ እንደ ወረቀት ከሳሳ የብረት ንጣፍ ተጠቅልለው የተሠሩ፣ ባለ 200 ወይም ባለ 300 ቀዳዳ ናቸው፤ ባለ 100ም አለ። የቀዳዳው ቁጥር ባነሰ መጠን ጭሱ በቀላሉ ያልፋል፤ ጋዙ የሚነካው ገጽ ግን አብሮ ይቀንሳል። ፕላቲነምና ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ያቃጥላሉ፤ ሮዲየም ደግሞ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይበትናል። ሦስቱም ሥራቸውን በአንድ ላይ የሚሠሩት የአየርና የነዳጅ ሚዛን በ14.7 ለ1 አካባቢ ሲሆን ብቻ ነው። ሚዛኑ በየሰከንዱ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ስለሚል በሽፋኑ ውስጥ ያለው ሴሪየም ኦክሳይድ ትርፍ ኦክስጅንን ይይዝና ሲጎድል መልሶ ይሰጣል። የኋለኛው ሴንሰር የሚከታተለው ይህንኑ የመያዝ አቅም ነው፤ አቅሙ ካለ ቮልቴጁ በ0.6 እና በ0.7 መካከል ረጋ ብሎ ይቆያል፤ ከሌለ ግን ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል።

ከዚህ በመነሣት ባለ 200 ቀዳዳ የብረት ካታሊቲክ መረጥኩ። ባለ 100ው ኮዱን መልሶ እንደሚያመጣ የታወቀ ስለሆነ ተውኩት። ካታሊቲኩን ጨርሶ አውጥቶ ባዶ ቱቦ ማስገባት ከሁሉም የረከሰው መንገድ ነበር፤ ነገር ግን በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ በቀይ መብራት በቆሙ ቁጥር ወደ ካቢኑ የሚገባውን ሽታ አንድ ጊዜ የሸተተ ሰው ደግሞ አያስበውም።

ለቱቦው 304 የተባለውን የማይዝግ ብረት ወሰድኩ። 409 የተባለው ርካሽ ነው፤ በላዩ ቡናማ ዝገት ቢይዝም ብዙ ዘመን ያገለግላል። እውነቱን ለመናገር 304ን የመረጥኩት ለመልኩ ነው፤ የዚህን ምርጫ ዋጋ በብየዳው ሳምንት ከፍያለሁ። የቱቦው ስፋት ከዋይ ቱቦው በፊት ለየመስመሩ 63.5 ሚሊ ሜትር፣ ከመገናኛው በኋላ 76 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ የበለጠ ስፋት ተርቦ ለሌለው ሞተር ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ወጪን በተመለከተ፣ ሁለቱ ካታሊቲኮች ብቻቸውን ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ያህሉን ወሰዱ፤ ማርሚታውና ቱቦው ተደምረው ሲሶ ገደማ ሆኑ። በዕቅዴ ውስጥ ጨርሶ ያልጻፍኳቸው ጓርኒሲዮኖች (በመጋጠሚያ መካከል የሚገቡ ማሸጊያዎች)፣ አዳዲስ ስታድ ቡሎኖች (ራስ የሌላቸው፣ በማኒፎልዱ ላይ የሚተከሉ)፣ ዳዶዎች፣ የማንጠልጠያ ጎማዎችና የአርገን ጋዝ ቀሪውን በሉት። ተመሳሳይ ሥራ የሚያስብ ሰው ለጥቃቅን ዕቃ ብቻ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ቢያስቀምጥ አይቆጭም።

ካታሊቲኮቹ ሲደርሱ በፍላንጆቻቸው (በቡሎን በሚታሰሩት ጠፍጣፋ የመጋጠሚያ ገጾች) ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሜ በመብራት አየኋቸው። የግራው እንከን የለውም። በቀኙ ፍላንጅ መሐል ግን ብርሃን ያልፋል፤ በክፍተት መለኪያ ቅጠል ሲለካ 0.4 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሲበየድ በሙቀት የተጣመመ ይመስላል። መልሶ ለመላክ ሌላ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ይህን ያህሉን ጓርኒሲዮኑ ይውጠዋል ብዬ አልፌዋለሁ።

3ኛ ሳምንት፦ ማውለቅ

ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ለሦስት ተከታታይ ምሽቶች ረጨሁ፤ በየምሽቱም ሞተሩን ትንሽ አሙቄ አጠፋ ነበር፤ ምክንያቱም ብረቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱን ወደ ፊሌቶው (የቡሎኑ ጥርስ) ውስጥ ይስባል። መኪናዋን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በአራት የብረት ማቆሚያዎች ላይ አሳርፌ፣ ከሥር ከመግባቴ በፊት በትከሻዬ ገፍቼ መርጋቷን አረጋገጥኩ።

ከማርሚታው እስከ ዋይ ቱቦው ያለው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወረደ። ማኒፎልዱ ጋ ስደርስ ነገሩ ተለወጠ። ከስድስቱ ስታዶች አራቱ በሰላም ሲወጡ ሁለቱ ተሰበሩ። ስታድ ሊሰበር ሲል ያስታውቃል፤ ቁልፉ ላይ ያለው ተቃውሞ በድንገት እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል፤ በዚያች ቅጽበት እጅን ማቆም ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ጊዜ ሩብ ዙር አልፌ ነው የባነንኩት።

አንደኛው ጉጥ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ስለቀረ በላዩ ላይ ዳዶ አስቀምጬ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ በየድኩት። ብየዳው ሁለት ጥቅም አለው፤ ቁልፍ የሚይዘው ነገር ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። ደማቅ ቀይነቱ እስኪጠፋ ጠብቄ ቁልፍ ሳደርግበት ያለ ብዙ ትግል ዞረ። ሁለተኛው ግን ከፍላንጁ ገጽ እኩል ስለተቆረጠ መብሳት ግድ ሆነ። በማዕከሉ ላይ በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጌ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ 5፣ ከዚያ 7 ሚሊ ሜትር። በ7ቱ ላይ ፑንታው ወደ አንድ ጎን ሸሸ፤ ከስታዱ የለሰለሰውን የማኒፎልድ ብረት ትንሽ ነካ። የቀረውን ቅርፊት በቀጭን መንቀሻ ለቅሜ አውጥቼ ፊሌቶውን በኤም10 በ1.25 ማስኪዮ (ፊሌቶ ማውጫ) አጸዳሁት። ቀዳዳው በአንድ በኩል ትንሽ ቢጎዳም አዲሱ ስታድ ሳይወዛወዝ ገብቷል። ይህ አንድ ቀዳዳ ሙሉ ቅዳሜዬን ወስዷል። ትራፓኖን በእጅ ይዞ ከመኪና ሥር ተንጋሎ ቀጥ ብሎ መብሳት እንደማይቻል አስቀድሜ ብቀበል ኖሮ ማኒፎልዱን አውርጄ ሞርሳ ላይ አስሬ እሠራው ነበር።

ሴንሰሮቹን ለሽቦ የሚሆን ስንጥቅ ባለው ባለ 22 ሶኬት ፈታሁ። ሦስቱ በደንብ ወጡ፤ አራተኛው ፊሌቶውን ይዞ ስለመጣ ተጣለ፤ አዲስ ተገዛ።

የግራውን አሮጌ ካታሊቲክ በግራይንደር ቆርጬ ከፈትኩት። የሴራሚኩ ብናኝና በዙሪያው ያለው የጭረት ምንጣፍ ለሳንባ ጎጂ ስለሆኑ ይህን በጭንብልና ከቤት ውጭ ነው ያደረግኩት። የፊተኛው ገጽ የማር እንጀራ መልኩ ጠፍቶ፣ ቀልጦ እንደረጋ ሰም የሚያብረቀርቅ ግራጫ ጉብታ ሆኗል፤ በጠርዙ ዙሪያ ብቻ አንድ ጣት የምታህል ክፍት ቀዳዳ ቀርታለች። የኋለኛው ግማሽ ከምንጣፉ ተላቆ እንደ ከበሮ ይንኳኳል። የጠጠሩ ድምፅ ከዚህ ነበር። የቀኙን ሳልከፍተው በውስጡ ላለው የከበረ ብረት ለሚገዙ ሰዎች ሸጥኩት፤ የተከፈተውን በጣም ባነሰ ዋጋ ነው የወሰዱት፤ የማወቅ ጉጉቴ ያስከፈለኝ ይህን ነው።

4ኛና 5ኛ ሳምንት፦ ብየዳና ገጠማ

በመጀመሪያ ሁሉንም ያለ ብየዳ ገጣጥሜ በየመጋጠሚያው ላይ በቀለም መስመር ምልክት አደረግኩ፤ ከዚያ እዚያው መኪናዋ ሥር ሆኜ በየመጋጠሚያው ሦስት ነጥብ ብቻ በየድኩ፤ ሙሉ ብየዳው ወርዶ በጠረጴዛ ላይ ተሠራ።

ብየዳው በቲግ (በአርገን ጋዝ እየተከለለ በሚሠራ የኤሌክትሪክ ብየዳ) ሲሆን የመሙያ ሽቦው 308ኤል ነው፤ 304ን ከተራ ብረት ፍላንጅ ጋር ለሚያገናኙት ሁለት ቦታዎች ግን 309ኤል ተጠቅሜያለሁ። የመጀመሪያውን መጋጠሚያ በውጭ በኩል ብቻ በአርገን ከልዬ በየድኩት፤ ከላይ የሚያምር ወርቃማ መስመር ወጣ። በመብራት ወደ ውስጥ ሳይ ግን በስተውስጥ ያለው ገጽ ጠቁሮ እንደ ተቃጠለ ስኳር ሸክሯል። የጋለው ብረት ከጀርባው አየር አግኝቶ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ብየዳ ጭሱን ከማወኩም በላይ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ቆርጬ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ የቱቦውን ሁለት ጫፎች በአልሙኒየም ወረቀት ዘግቼ፣ በአንዱ በኩል አርገን እያስገባሁ በሌላው ትንሽ ቀዳዳ አየሩ እንዲወጣ አደረግኩ። ጋዙ በእጥፍ ፈጀ፤ ብየዳው ግን በሁለቱም በኩል ንጹሕ ሆነ።

የ304 ሌላው ጠባይ በሙቀት ብዙ መለጠጡ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው 304 ቱቦ ሙቀቱ በ400 ዲግሪ ሲጨምር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 409 ግን በዚያው ሁኔታ 5 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከካታሊቲኩ እስከ ማርሚታው ያለው መንገዴ ሁለት ሜትር ስለሚጠጋ ቱቦው ሲሞቅ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ግን ማንጠልጠያዎቹን ከበየድኩ በኋላ ነው። ሲቀዘቅዝ በቱቦውና በወለሉ ማጠናከሪያ ብረት መካከል የተውኩት 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት በሙቀት ጊዜ እንደሚዘጋ ሳውቅ፣ የኋለኛውን ማንጠልጠያ ቆርጬ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ አዛውሬ መልሼ በየድኩት፤ ከዋይ ቱቦው በፊትም በሁለቱም መስመር ላይ ተጣጣፊ ቱቦ ጨመርኩ።

ለመጨረሻው ገጠማ ሁሉንም ቡሎን በእጅ ብቻ አስገብቼ፣ ቱቦው በራሱ ክብደት ቦታውን ከያዘ በኋላ ከፊት ጀምሬ ወደ ኋላ አጠበቅኩ። ከኋላ የጀመረ ሰው ቱቦውን አጣሞ ያስረዋል፤ ጣመሙም ወይ በማንጠልጠያው ወይ በፍላንጁ ይወጣል። ጓርኒሲዮኖቹ ባለ ብዙ ንጣፍ ብረት ናቸው። ሲሊኮን ማሸጊያ አልነካሁም፤ ተራው ሲሊኮን ሲሞቅ የሚለቀው ትነት ሴንሰሩን ይመርዛል። የሴንሰሮቹን ፊሌቶ ኒኬል ባለበት ቅባት፣ ጫፋቸው እንዳይነካ ተጠንቅቄ ቀብቼ በ45 ኒውተን ሜትር ገደማ አሰርኳቸው። ሙቀት የሚከላከሉትን ላሜራዎች መመለስ አሰልቺ ቢሆንም አንድም አልተውኩም፤ ከላያቸው የነዳጅ መስመርና ሽቦ ያልፋል።

አሮጌው ማርሚታ በሚዛን 18.4 ኪሎ ግራም ሲሆን አዲሱ 11.9 ነው።

6ኛ ሳምንት፦ የመጀመሪያው ማስነሣት

ሞተሩ ተነሣ። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከየመጋጠሚያው ነጭ ጭስ ወጣ፤ ይህ የቱቦው የፋብሪካ ዘይት ሲቃጠል ነው፤ አያስደነግጥም። ሻጩ በላከው መመሪያ መሠረት ካታሊቲኮቹን ቀስ በቀስ አሙቄ፣ 2,500 ዙር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይዤ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እንዲቀዘቅዙ ተውኳቸው።

ካታሊቲክ መሥራት የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህን ለማየት በጨረር ቴርሞሜትር ስለካ በሞቀ ሞተር ላይ 140 ዲግሪ አሳየኝ፤ ለጥቂት ጊዜም አዲሶቹ ካታሊቲኮች የማይረቡ ናቸው ብዬ ተበሳጨሁ። ጥፋቱ የመለኪያው አጠቃቀም ነበር። የሚያብረቀርቅ ብረት ጨረር በጥቂቱ ስለሚለቅ መሣሪያው ከእውነተኛው ሙቀት በጣም ዝቅ አድርጎ ያነባል። ከካታሊቲኩ በፊትና በኋላ ሙቀት በሚችል ጥቁር ቀለም የሳንቲም ስፋት ያለው ነጥብ ቀብቼ ስለካ፣ ከመግቢያው 310፣ ከመውጫው 345 ዲግሪ ተነበበ። መውጫው ከመግቢያው መብለጡ በውስጡ ቃጠሎ እንዳለ ያሳያል።

7ኛ ሳምንት፦ መብራቱ ተመለሰ

ከአራት ቀን መንዳት በኋላ የሞተር ምልክቱ መብራት በራ። ኮዱ ፒ0420 ነው፤ የቀኙ ረድፍ። አሮጌው ካታሊቲክ ደህና በነበረበት በኩል፣ አዲሱ ብቁ አይደለም ይለኛል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ የኋለኛውን ሴንሰር ከጭሱ በሚያርቅ ማስረዘሚያ ላይ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ማታለል ነው። ማስረዘሚያው ርካሽ ነው፤ መብራቱም ይጠፋል። ግን መብራቱ ሊነግረኝ የመጣውን ነገር ሳልሰማ አፉን መዝጋት ስለሆነብኝ ተውኩት። ኮዱንም ወዲያው አልሰረዝኩም፤ ኮድ ሲሰረዝ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው ዙር፣ ሙቀትና ጭነት አብሮ ይጠፋል።

በስካነሩ የቀጥታ ንባብ ኮምፒውተሩ በነዳጁ ላይ የሚያደርገውን የረጅም ጊዜ ማስተካከያ በሁለቱም ረድፎች አነጻጸርኩ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ቆሞ የቀኙ ረድፍ 9 ከመቶ ጭማሪ ሲያሳይ የግራው 2 ከመቶ ብቻ ነው። ዙሩን ወደ 2,500 ሳወጣው የቀኙ ወደ 3 ወረደ። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብዙ ነገር ይነበባል። የአየር መጠን ሴንሰሩ ወይም የነዳጅ ግፊቱ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ረድፎች አብረው በተዛቡ ነበር። በዝቅተኛ ዙር ብሶ በከፍተኛ ዙር መቀነሱ ደግሞ የጭስ መንገድ ቀዳዳ ጠባይ ነው፤ ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ስለሆነ ከእያንዳንዱ ምት ቀጥሎ ለቅጽበት ግፊቱ ከውጭው አየር በታች ይወርድና በቀዳዳው በኩል ንጹሕ አየር ይሳባል። ሴንሰሩ ይህን ኦክስጅን አይቶ ነዳጅ አነሰ ይላል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። የኋለኛው ሴንሰር ቮልቴጅም በ0.1 እና በ0.3 መካከል ሲዋልል አየሁት፤ ትርፍ ኦክስጅን ወደ እርሱም ደርሷል።

የአቧራ መጥጊያ ማሽኑን የንፋስ መውጫ በጨርቅ ጠቅልዬ ማርሚታው ጫፍ ላይ አሰርኩና በቀዘቀዘው ቱቦ ላይ የሳሙና ውኃ ረጨሁ። ብየዳዎቼ ሁሉ ደረቅ ሆነው ቆዩ፤ በዚህ ጥቂት ኩራት ተሰምቶኛል። በቀኙ ማኒፎልድና በካታሊቲኩ መካከል ባለው ፍላንጅ ላይ ግን ከላይ በኩል የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎች እየተከታተሉ ይወጡ ነበር። በ2ኛው ሳምንት በ0.4 ሚሊ ሜትር ያለፍኩት ፍላንጅ ነው። ጓርኒሲዮኑ አልዋጠውም።

ካታሊቲኩን አወረድኩ። ጓርኒሲዮኑ ላይ የተጨመቀው ምልክት በሁለት ቦታ ተቋርጧል፤ በተቋረጠበትም ጥቁር የጥላሸት ምላስ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። በወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፌ ፍላንጁን በእጄ ለሁለት ሰዓት ፈገፈግኩት፤ ከክፍተቱ የቀነሰው 0.1 ብቻ ነበር። ክንዴ ሲዝል ተውኩትና ፍሬዛ (የብረት መላጊያ ማሽን) ላይ እንዲላግ ሰጠሁት። ካታሊቲኩ ራሱ ክብ ስለሆነ ማሽኑ ላይ ማሰሩ ከመላጉ በላይ ጊዜ ወሰደ። ሲመለስ በማስመሪያው ሥር ብርሃን አያልፍም። በአዲስ ጓርኒሲዮን ተገጠመ፤ ስታዶቹንም እያፈራረቅኩ በሦስት ደረጃ አጠበቅኳቸው።

በዝቅተኛ ዙር የቀኙ ረድፍ ማስተካከያ ከሦስት ቀን በኋላ ወደ 2 ከመቶ ወረደ፤ የኋለኛው ሴንሰር በ0.65 ቮልት አካባቢ ረጋ። አሁን ኮዱን ሰርዣለሁ፤ የካታሊቲክ ራስ ምርመራውም ተጠናቆ ያለ ኮድ አልፏል።

8ኛና 9ኛ ሳምንት፦ ጉርምርምታ

የቀረው ችግር በ2,400 ዙር ላይ ካቢኑን የሚሞላው ጆሮ የሚያደነዝዝ ጉርምርምታ ነው፤ ይህ ደግሞ ረጅም መንገድ የምነዳበት ዙር ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ስለሚያቃጥል፣ 2,400 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 120 ምት ነው። ይህን አንድ ድምፅ ለይቶ ለማጥፋት ከዋናው ቱቦ ጎን ጫፉ የተዘጋ ቅርንጫፍ ቱቦ ይበየዳል፤ ርዝመቱ የድምፁ ሞገድ ሩብ ሲሆን፣ ገብቶ የሚመለሰው ሞገድ ከዋናው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ያጠፋዋል።

በሒሳቡ ውስጥ የድምፅ ፍጥነትን 343 ሜትር በሰከንድ አድርጌ 71 ሳንቲ ሜትር አወጣሁና በየድኩት። ጉርምርምታው ንቅንቅ አላለም፤ ይልቁንም በ3,000 ዙር አካባቢ መኪናዋ ያለ ምክንያት ጸጥ ማለት ጀመረች። ለአንድ ቀን ግራ ከተጋባሁ በኋላ ስህተቱ ታየኝ፤ 343 በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ ያለው ፍጥነት ነው። በጋለ ጋዝ ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል፤ በ200 ዲግሪ 436 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት 71 ሳንቲ ሜትር ቱቦ የሚያጠፋው 153 ሄርዝን ነው፤ ይህም በትክክል 3,060 ዙር ይሆናል። ቱቦዬ ሥራውን በሚገባ ይሠራ ነበር፤ ያዘዝኩት ግን የተሳሳተውን ሥራ ነው።

በቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ጋዝ ስለማይፈስ ከዋናው ቱቦ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ 200 ዲግሪን መነሻ አድርጌ 91 ሳንቲ ሜትር አወጣሁና 20 ሳንቲ ሜትር ጨመርኩበት። በ2,400 ዙር በካቢኑ ውስጥ በስልክ የለካሁት ድምፅ ከ81 ወደ 74 ዴሲቤል ወረደ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛነቱ ብዙም አያስተማምንም፤ ልዩነቱ ግን በጆሮም ይታወቃል።

10ኛ ሳምንት፦ ልኬት

በዚያው ዳይኖ፣ በዚያው ማርሽ፣ የዘይቱ ሙቀት ተመሳሳይ ሲሆን የተሻለው ንባብ 236 የፈረስ ጉልበት ሆነ። 29 ጨመረ ብሎ መናገር ደስ ይላል፤ ግን አያስኬድም። የመጀመሪያው 207 የተለካው የግራው ካታሊቲክ ታፍኖ ሳለ ነው፤ ከጭማሪው አብዛኛው የጠፋው መመለሱ ነው። ጤነኛ ሆና ሳለች ስላልለካኋት ከአዲሱ ዕቃ የመጣውን ለይቼ መጻፍ አልችልም፤ በሞተሩ ዓይነት ስገምት ግን ከአሥር እምብዛም የሚያልፍ አይመስለኝም። ከ2,500 ዙር በታች ያለው መስመር ከቀድሞው ጋር ተደራርቦ ይሄዳል፤ ልዩነቱ የሚከፈተው ከ4,500 በላይ ነው።

የጭስ ምርመራው በሞቀ ሞተር ላይ ተደርጎ ካርቦን ሞኖክሳይድ 0.06 ከመቶ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ 18 ፒፒኤም፣ ላምዳ (የአየርና የነዳጅ ሚዛን ከትክክለኛው ጋር ሲነጻጸር) 1.00 ተነቧል።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናዋን አንሥቼ ፍላንጆቹን በሙሉ እንደገና በቁልፍ ፈተሽኩ። ከማኒፎልዱ ስድስት ዳዶዎች አምስቱ አልተንቀሳቀሱም፤ ፑንታው የሸሸበት ቀዳዳ ላይ ያለው ስድስተኛው ግን አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ላልቶ ነበር። አጥብቄው ከዳዶው እስከ ፍላንጁ በነጭ ቀለም መስመር አስምሬበታለሁ። ከሌላ 300 ኪሎ ሜትር በኋላ ስመለከተው መስመሩ አልተሰበረም፤ በሚቀጥለው የዘይት ቅያሬ ጊዜ ደግሜ አየዋለሁ።